ሁለተኛው ቅጂ የማን አደራ ነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአማርኛ ብሂል። ብሂሉ የጽሑፍን ታላቅነት ሲያስተምር ኖሯል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። የተጻፈው ነገር ያለው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ቢሆንና ያ ወረቀት ቢቃጠል፣ ቢዘረፍ ወይም ጎርፍ ቢወስደው ወራሹ ምን ይወርሳል? መጻፍ ከመርሳት ያድናል፤ ከመጥፋት ግን አያድንም። ከመጥፋት የሚያድነው ሁለተኛው ቅጂ ነው። ለመሆኑ ሁለተኛውን ቅጂ ማዘጋጀት የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ የሥነ ምግባር ግዴታ? ግዴታ ከሆነስ የማን ግዴታ ነው?

ለካርቱም ነዋሪ ይህ ጥያቄ የመጻሕፍት ቤት ክርክር አይደለም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲጀመር ዕለቱ ለሙስሊሙ ከረመዳን የመጨረሻ ቀናት አንዱ፣ ለኦርቶዶክሱ ደግሞ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ቤቱን ለበዓል ሲያዘጋጅ የነበረ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ዘግቶ መውጣት ግድ ሆነበት። ከዴምና ከጂሬፍ ተነሥተው በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባትና መተማ ያመሩት ኢትዮጵያውያን የያዙት እጅ የቻለውን ብቻ ነው። በሳሎኑ ጥግ፣ ከአቧራ ትከለል ተብላ በጨርቅ የተሸፈነችው የቤት ኮምፒውተር አብራ አልወጣችም። ወደ ብዙዎቹ ቤቶች ዘራፊ ገባ፤ ለዘራፊው እርሷ የሚሸጥ ብረትና ፕላስቲክ ነበረች።

ከዚያች ብረት ጋር የሄደው ምንድን ነው? የልጆች ፎቶግራፍ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለች እናት የተናገረችበት የድምፅ ቅጂ፣ በስካነር የተነሣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ፣ የስደተኛነት ወረቀት፣ የማኅበር መዝገብ፣ የዕድር አባላት ስምና መዋጮ። ከእነዚህ ውስጥ ፈጽሞ የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ነገር ጥቂት ነው። አባት በሀርድ ዲስኩ ያስቀመጠው የልጁ የልደት ማስረጃ የልጁ መብት ነው። የዕድሩ ጸሐፊ በቤቱ የያዘው መዝገብ የመላው አባላት ንብረት ነው። የአያት ድምፅ ገና ያልተወለዱ የልጅ ልጆች ውርስ ነው። እንግዲህ ባለ ኮምፒውተሩ በብዙው ነገር ላይ ባለቤት ሳይሆን ጠባቂ ነው። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት አንድ ክቡር ቃል አለው፤ አደራ።

አደራ ከጥንቃቄ ይለያል። ሰው የራሱን ገንዘብ ሳይጠነቀቅለት ቢጠፋ ጉዳቱ የራሱ ነው፤ «ሞኝነት» ተብሎ ይታለፋል። የሌላው ሰው ነገር በእጁ ሳለ ከጠፋ ግን ጥያቄው ከሞኝነት አልፎ የታማኝነት ይሆናል። ሁለተኛው ቅጂ የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚሆነውም ከዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን በጥንቃቄ ሊለይ የሚገባው ነገር አለ። ቤቱ ለተዘረፈበት ሰው «ለምን ቅጂ አልያዝክም?» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የዘረፋው ጥፋት የዘራፊው ነው፤ ከተጎጂው ትከሻ ላይ ሊጫን አይገባም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረትም በቁስል ላይ ጨው ከመነስነስ አያልፍም። ግዴታና ወቀሳ የተለያዩ ናቸው። ግዴታ ወደፊት ይመለከታል፤ ወቀሳ ወደ ኋላ። ጥያቄው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ዛሬ የሌላውን ነገር በእጁ የያዘ ሰው ምን ይገባዋል?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የጥንቶቹ መልስ የቁም ጸሐፊው ሥራ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ይሆናል። መጽሐፉ በመጀመሪያ በአራማይክ እንደተጻፈ፣ ከዚያም ወደ ግሪክ እንደተመለሰ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የአራማይኩ ጽሑፍ ጠፋ፤ ከግሪኩም የቀረው ከፊሉ ብቻ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ለዓለም የተረፈው በግዕዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ አውሮፓ ቅጂዎችን ይዞ የተመለሰው በ1773 ሲሆን፣ የአራማይኩ ቁርጥራጮች በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት በ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ነው። ሄኖክን ያዳነው ብራናው ጠንካራ መሆኑ አይደለም፤ ብራና ይቃጠላል፣ አይጥም ይበላዋል። ያዳነው፣ አንዱ ሲያረጅ ሌላው እየተቀዳ፣ በአንድ ገዳም ሲጠፋ በሌላው እየተገኘ መኖሩ ነው። እነዚያ ጸሐፊዎች የዓለም መጽሐፍ እያዳኑ መሆናቸውን አላወቁም። ያወቁት አንድ ነገር ነው፤ የተቀበሉትን ማስተላለፍ እንዳለባቸው።

የመቅደላ ታሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ ያሰባሰቧቸው በርካታ መጻሕፍት በአንድ አምባ ላይ ነበሩ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ በመቶ የሚቆጠሩት በአንድ ጊዜ ተወሰዱ። መሰብሰብ ከመጠበቅ እንደሚለይ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስ በጠየቁ ጊዜ አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰላቸው። መመለሱን ካቀለሉት ነገሮች አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም የዚያን መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ይዞ መገኘቱ ነበር። ሁለተኛ ቅጂ መኖሩ ለፍትሕ እንኳ መንገድ ይከፍታል።

ቅርብ ከሆነው ዘመን በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ይጠቀሳል። በኢትዮጵያ ተቋማትና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ትብብር ከ9,000 በላይ ብራናዎች በፊልም ተነሡ። መጻሕፍቱ በየቤተ ክርስቲያናቸው ቀርተው ምስላቸው ባሕር ተሻገረ። ሥራው እንደተጀመረ አብዮት ፈነዳ፤ ከዚያም ጦርነት ተከተለ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ሆነው ለብዙ ዓመታት የብራናዎቹን ዝርዝር መግለጫ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2021 ዐረፉ፤ ድካማቸው ግን በሩቅ ላለ ተመራማሪ ሁሉ በር ከፍቶ ይገኛል።

ካርቱምና ኦምዱርማንም የየራሳቸውን ትምህርት በመራራ ዋጋ ሰጥተዋል። በሜይ 2023 በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሙሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም መዘረፉም የጦር ሠራዊቱ አካባቢውን በማርች 2025 መልሶ ከያዘ በኋላ በግልጽ ታየ። በአንጻሩ «የሱዳን ትዝታ» የተሰኘው ሥራ የሱዳን ተቋማትንና የለንደኑን ኪንግስ ኮሌጅ አስተባብሮ፣ ከጦርነቱ በፊት በየመዝገብ ቤቱና በየግለሰቡ እጅ የነበሩ ፎቶግራፎችን፣ ሰነዶችንና ፊልሞችን በዲጂታል ቀድቶ ነበር። ከእሳት ጋር ሩጫ ሊጀመር በማይቻልበት ሰዓት፣ ያመለጠው አስቀድሞ የተቀዳው ብቻ ነው።

ታላላቅ ተቋማት ግን የዴሙን ቤተሰብ ፎቶግራፍ አይቀዱም። የቤቱን ነገር የሚቀዳ የቤቱ ሰው ነው። ይህን ሥራ ብዙ ሰው የሚፈራው የባለሙያና የገንዘብ ጉዳይ ስለሚመስለው ነው። በእርግጥ ሥራው ቀላል ነው። በኖትፓድ የተጻፈች፣ አሥር መስመር የማትሞላ የትእዛዝ ጽሑፍ ትበቃለች። ባለሙያዎች ስክሪፕት ይሏታል። ትእዛዟ በቃል ሲነገር ይህን ያህል ነው፤ «ፎቶ ከሚባለው ፎልደርና ሰነድ ከሚባለው ፎልደር፣ ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተጨመረውንና የተለወጠውን ፈልግ፤ ወደ ውጫዊው ሀርድ ዲስክ፣ የዛሬው ቀን ወደተጻፈበት ፎልደር ቅዳ፤ ያደረግኸውንም በመዝገብ ጻፍ።» በዊንዶውስ ላይ ይህን የሚፈጽመው ሮቦኮፒ ከቪስታ ጀምሮ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይመጣል። በሊነክስ ላይ በ1996 ለሕዝብ የቀረበውና የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚቀዳው አርሲንክ አለ። ሰዓት ጠብቆ የሚቀሰቅሳቸው መሣሪያም በሁለቱም ዘንድ ያለ ክፍያ ይገኛል።

ለካርቱም ሰው ይህች የቤት ሥራ ስክሪፕት ከቁጠባም በላይ ትርጉም ነበራት። አሜሪካ በ1997 የጣለችውና በአብዛኛው በኦክቶበር 2017 የተነሣው የኢኮኖሚ ማዕቀብ፣ ከሱዳን ሆኖ በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ አገልግሎት መግዛትን የማይታሰብ አድርጎት ነበር። ፋይልን በወር ክፍያ በሩቅ የሚያስቀምጡ ኩባንያዎች ለካርቱም ነዋሪ በራቸው ዝግ ነበር። በሩ ከተከፈተም በኋላ መንገዱ አስተማማኝ አልሆነም፤ በጁን 2019 ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋረጠ፤ በፌብሩዋሪ 2024ም የአገሪቱ ስልክና ኢንተርኔት በሰፊው ጠፋ። በሌላ ሰው ቁልፍ የተዘጋ ጎተራ እህል ቢኖረውም በረሃብ ቀን የባለ ቁልፉን ፈቃድ ይጠይቃል። በገዛ እጅ የተጻፈች ትእዛዝ ግን ጸሐፊዋ የሚያውቃት፣ የሚያነብባትና የሚያርማት ናት።

ይሁን እንጂ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስክሪፕቷ ሥራውን ስትረከብ፣ ሰውየው ኃላፊነቱንም የተረከበችው ይመስለዋል። ማሽን ድካምን ይቀበላል፤ አደራን ግን አይቀበልም። ይህ በአራት መንገድ ይታያል።

የመጀመሪያው፣ የታዘዘችውን ብቻ ማድረጓ ነው። ብዙ ሰው «ቅጂው እንደ መስታወት ምንጩን ይምሰል» ብሎ ያዛታል። አንድ ቀን ልጅ ሳያውቅ የፎቶ ፎልደሩን ይሰርዛል። ሌሊት ስክሪፕቷ ትነቃለች፤ ከምንጩ የጠፋውን ከቅጂውም ታጠፋለች። ታዛዥነቷ እንከን የለሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ጥፋት ነው። ስለዚህ ቀን ቀን የተጻፈበት የቆየ ቅጂ ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው፣ ዝምታዋ ነው። በካርቱም የመብራት መቋረጥ ለማንም እንግዳ አይደለም። መብራት በቅጂው መካከል ሲሄድ ግማሽ ፋይል ይቀራል፤ ሀቡብ ያነሣው አቧራና የበጋው ሙቀትም ዲስኩን ሳይናገሩ ያደክሙታል። ያደረገችውንና ያቃታትን የማትመዘግብ ስክሪፕት ሐሰተኛ ምስክር ትሆናለች። የጥንቱ ጸሐፊ ከቀዳ በኋላ ከምንጩ ጋር ያመሳክር ነበር፤ በብዙ ብራናዎች በመስመሮች መካከል በትንንሽ ፊደል የገባው እርማት የዚህ ምስክር ነው። ማመሳከር ያልተደረገበት ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም። ሀብታሙ የፊልም ድርጅት ፒክሳር እንኳ በ1998 ይህን በከባድ መንገድ ተምሯል። የ«ቶይ ስቶሪ 2» ፊልም ፋይሎች በተሳሳተ ትእዛዝ ሲሰረዙ፣ መጠባበቂያ ቅጂው በትክክል ሲሠራ እንዳልነበረ ተደረሰበት። ፊልሙን ያዳነችው ጋሊን ሱስማን የተባለች ባልደረባ ናት፤ ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበር በቤቷ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ቅጂ ነበራት።

ሦስተኛው፣ ቦታን አለመለየቷ ነው። ቅጂው ከኮምፒውተሩ አጠገብ በመሳቢያ ከተቀመጠ፣ ሌባ ሁለቱንም በአንድ ጆንያ ይወስዳል። በሴፕቴምበር 2020 ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ጊዜ ውኃው መሳቢያን ከጠረጴዛ አልለየም። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ ይህን በአጭሩ ያስቀምጠዋል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከሄኖክ ጸሐፊዎች ልማድ የሚለየው በቁጥር መነገሩ ብቻ ነው።

አራተኛው በተለይ የአማርኛ አንባቢን ይመለከታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ሰው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥርዓት ባላቸው ፊደላት ሲጽፍ ኖሯል። እነዚያ ፋይሎች ዛሬ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የሚታየው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። ስክሪፕቷ አንድም ነጥብ ሳታጎድል ቀድታዋለች፤ ነገር ግን አንባቢ የለውም። መቅዳት ብቻውን ማስተላለፍ አይደለም፤ ተቀባዩ ሊያነበው ወደሚችለው መልክ መመለስም የአደራው ክፍል ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሦስቱም ቀላል አይደሉም። አንደኛው «የተጻፈ አይቀርም፤ ጠባቂው እግዚአብሔር ነው» የሚለው የእምነት ቃል ነው። ሆኖም የዚሁ እምነት ሰዎች የሆኑት መነኮሳት መጽሐፍ ሲቀዱ ኖረዋል። በፈጣሪ መታመን ብራና መፋቅን አላስቀረላቸውም፤ እንዲያውም መቅዳቱን እንደ አገልግሎት ቆጠሩት።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ቅጂ በበዛ ቁጥር ምስጢር ይባክናል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። በጦርነት ጊዜ በፍተሻ ጣቢያ የተያዘ ስልክ ወይም ዲስክ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ስማቸውና ፊታቸው ያሉትን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል። የዕድር መዝገብ በበጎ ሰው እጅ የመረዳጃ ሰነድ ነው፤ በክፉ ሰው እጅ የስም ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከቤት የሚወጣ ቅጂ በይለፍ ቃል መቆለፍ አለበት። ቁልፉም ከዲስኩ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ለሌላ የታመነ ሰው ይሰጣል። አለዚያ ባለቤቱ ቢሞት ወራሾቹ የሚረከቡት የተዘጋ ሣጥን ብቻ ይሆናል። መጠበቅ ማለት ከጥፋትም ከአላግባብ እጅም መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው፣ ሁሉን ማስቀመጥ ምንም እንደ አለማስቀመጥ ነው የሚል ነው። አሥር ሺህ ፎቶግራፍ የተረከበ የልጅ ልጅ አያቱን በየትኛው ውስጥ ያገኛታል? ስም ያልተጻፈበት ፊት በሁለት ትውልድ ውስጥ የማያውቁት ሰው ፊት ይሆናል። ምን መቅረት እንዳለበት መምረጥ፣ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ መጻፍ ለስክሪፕት የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ይህ ፍቅርና ዕውቀት ያለው ሰው ሥራ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉም መሠራት አለበት።

ተቃውሞዎቹ ግዴታውን አላፈረሱትም፤ ቅርጹን ግን አሳይተዋል። ሁለተኛው ቅጂ ከቤት ውጭ፣ በታመነ ሰው ዘንድ መሆን ካለበት፣ ማንም ሰው ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። ከዚህ ላይ ሐበሻ በሄደበት ሁሉ ይዞት የሚዞረው ልማድ ይረዳል። ዕቁብም ዕድርም የተመሠረቱት አንዱ የሌላውን ገንዘብና ሐዘን በመያዝ ነው። ሁለት ቤተሰቦች የተቆለፈ ዲስክ ቢለዋወጡ፣ አንዱ የሌላውን ሳያነብ ቢጠብቅ፣ ሌላም ዲስክ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ ቢሰጥ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሁሉም ዲስኩን ከፍቶ መነበቡን ቢያረጋግጥ፣ የሚጠይቀው ወጪ የጥቂት ዲስኮች ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቀው መተማመንን ነው።

ወደ ካርቱም የተመለሱ ሰዎች ብዙዎቹ ያገኙት ባዶ ቤት ነው። ቢሆንም ሁሉም አልጠፋም። ወደ ዘመድ የተላከ ፎቶግራፍ በሌላ ከተማ ባለ ስልክ ውስጥ አለ፤ የማስረጃው ቅጂ በአንድ ጓደኛ ፍላሽ ውስጥ ተረስቶ ተቀምጧል፤ የሠርጉ ቪዲዮ በሚዜው ቤት ይኖራል። እነዚህ ሳይታቀዱ የተያዙ አደራዎች ናቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ያለ ሰው ሁሉ፣ ባለቤቱ ሳይጠይቀው ፈልጎ አንድ ቅጂ ሊልክለት ይገባል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለው፣ የተረከቡትን ባለቤቱ ባያስታውሰውም ጠብቆ ለሚመልስ ሰው ነው።